ጎዳና የሚጀምረው ከኪራይ ቤት በር ነው

ስለ አዲስ አበባ የቤት ችግር በተነሳ ቁጥር ከሁሉም አፍ የሚወጣው መልስ አንድ ነው፦ «ቤት የለም፤ ይሠራ።» ሹሙም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ታክሲ ውስጥ የሚከራከረውም፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ቡና የሚጠጣው ጡረተኛም የሚሉት ይህንኑ ነው። ይህ አባባል ሁለት ነገሮችን አስከትሎ ይመጣል። ሰው ከቤት ጭንቀት የሚገላገለው የራሱ ቤት ሲኖረው ብቻ ነው ይባላል። ጎዳና ላይ የሚያድረው ደግሞ ከገጠር የፈለሰ ወይም ሱስ የያዘው ስለሆነ ጉዳዩ የበጎ አድራጊዎችና የፖሊስ እንጂ የቤት ፖሊሲ አይደለም ይባላል። ይህ እምነት የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ገንዘባችንንም ሐሳባችንንም ወደ አንድ አቅጣጫ ወስዶ፣ ዛሬ ጣሪያ ያለውን ነገ ጣሪያ እንዳያጣ የሚጠብቅ አንድም የረባ አሠራር ሳናቆም አስቀርቶናል።

የሌላውን ወገን ክርክር አሳንሼ ማቅረብ አልሻም፤ ክብደት ያለው ክርክር ነውና። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ሲከፈት የጠባቂው ቁጥር ወደ 1 ሚሊዮን ተጠጋ። ይህን ሰልፍ እያየ «እጥረት የለም» የሚል ካለ ከተማዋን አያውቃትም። የቀበሌ ቤቶቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ ጭቃቸው የረገፈ፣ ክረምት ሲገባ የሚያፈሱ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ለስንትና ስንት ቤተሰብ የሚዳረስባቸው ናቸው። ከዚያ ወጥቶ ውሃና መብራት ወዳለው ፎቅ መግባትን ማን ይጠላል? ጥናትም ይደግፋቸዋል። ዳንኤል አግነስና ጥጋቡ ጌታሁን የተባሉ ተመራማሪዎች የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸውን ቤተሰቦች ካልወጣላቸው ጋር አነጻጽረው፣ የዕድለኞቹ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስና ከዚያ በላይ የመማር ዕድላቸው ከፍ ብሎ አግኝተውታል። በዚህ ላይ የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ አንድ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ይጨምራሉ፦ መንግሥት በኪራይ ውስጥ እጁን ባስገባ ቁጥር የሚከራይ ቤት ይጠፋል፤ ካላመናችሁ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የወረሰውን የ1967ቱን አዋጅ ተመልከቱ።

እንግዲህ አንድ በአንድ እንየው።

ዕጣው ጠቅሟል? አዎን፣ የደረሳቸውን ጠቅሟል። ግን በምን መንገድ? ሳይመን ፍራንክሊን የተባለው የኢኮኖሚ ተመራማሪ የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ዕጣ መርምሮ ያገኘው፣ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ሥራና ገቢ ካልወጣላቸው ብዙም እንዳልተለየ፣ ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄዱትም ከጎረቤት ጋር የነበራቸው ትስስር መላላቱን ነው። ባለዕድሎቹም ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ስናነባቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል፦ ልጆቹን ያስተማረው ቤቱ ውስጥ መኖር ሳይሆን ቤቱ ያመጣው ሀብት ነው። መንግሥት ለጥቂቶች ብዙ ሀብት ሰጠ፤ እነሱም ልጆቻቸውን አስተማሩበት። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ሀብት ማከፋፈል እንጂ ሰውን ከጎዳና መጠበቅ አይደለም። ለመሆኑ ጎዳና ሊወድቅ አንድ ወር የቀረው ሰው ዕጣው ውስጥ ስሙ አለ?

የለም። ሊኖርም አይችልም። ዕጣ ውስጥ ለመግባት በወቅቱ መመዝገብ፣ ለመመዝገብ የአዲስ አበባ መታወቂያ መያዝ፣ ከዚያም በንግድ ባንክ ሳያቋርጡ ለዓመታት መቆጠብ ያስፈልጋል። በ10/90 እንኳ፣ ማለትም ለዝቅተኛው ገቢ በታሰበው መርሐ ግብር፣ ወርኃዊ ቁጠባው 187 ብር ነበር። በዚያን ጊዜ 187 ብር በወር ደመወዝ ላልተቀጠረች ልብስ አጣቢ ምን ያህል እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የመታወቂያው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መታወቂያ የሚወጣው በቤት ቁጥር ነው፤ የቤት ቁጥሩ የአከራዩ ነው፤ አከራዩ ደግሞ ተከራዩ በቤቱ ቁጥር መመዝገቡን አይወድም። በለቡና በመካኒሳ ግቢዎች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ኖሮ ለወረዳው ግን እንደሌለ የሚቆጠር ሰው ብዙ ነው። በ2005 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ የነበረ ደግሞ ዛሬ ትዳር ይዟል፤ ለመመዝገብ ግን ዕድሉ አልደረሰውም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ከፖሊሲው ውጭ ነው የሚኖረው።

የዕጣውን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ከምዝገባው ሃያ ዓመት በኋላ ቤት የተላለፈላቸው ከተመዘገቡት ግማሽ እንኳ አይሞሉም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. 25 ሺህ 791 ቤቶች ዕጣ ወጥቶባቸው በመረጃ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት ዕጣው ተሰርዟል፤ ከወራት በኋላም እንደ አዲስ ወጥቷል። ይህን የማነሳው ስለ ሌብነቱ ለማውራት አይደለም፤ ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። የማነሳው የአንድ ከተማ የቤት ፖሊሲ በዕጣ ኳስ ላይ ሲንጠለጠል ምን ያህል ሰው ኑሮውን ሳያደላድል፣ በደንብ ሳይከራይ፣ በደንብ ሳይገነባ፣ ዝም ብሎ እንደሚጠብቅ ለማሳየት ነው። ጡረታ ወጥተው ዕጣ የሚጠብቁ አሉ። ሞተውም ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ያለ ይኖራል።

ጀሞን እንውሰድ። ከከተማዋ ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አንዱ የሆነው ጀሞ የተሠራው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጫፍ፣ ቀድሞ የእርሻ መሬት በነበረ ቦታ ላይ ነው። ዓላማው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ነዋሪ ቤት መስጠት ነበር። ዩኤን ሃቢታት እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሮግራሙን ገምግሞ ባወጣው ጥናት ላይ ግን ቅድመ ክፍያውና ወርኃዊ ክፍያው ለድሃው ድሃ እንደማይቀመስ፣ ብዙ ባለዕድሎችም ክፍያውን ለመሸፈን ቤቱን አከራይተው እነሱ ሌላ ቦታ እንደሚኖሩ ገልጿል። የሆነውም ይኸው ነው። አንድ ብሎክ ደረጃ ላይ ቆማችሁ «ባለቤት ናችሁ ወይስ ተከራይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱን ታገኙታላችሁ። ጀሞ በባለቤትነት ስም ተሠርቶ የኪራይ ሰፈር ሆኗል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከተማ ኪራይ ቤት ያስፈልገዋል። ጥፋቱ ፖሊሲያችን ዛሬም ድረስ ጀሞን በባለቤቶች የተሞላ አድርጎ ማየቱ ነው። ባለቤቱ ካርታና ውል አለው፤ በብሎኩ ኮሚቴም ይወከላል። ሲሶውን ይሁን ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ የያዘው ተከራይስ ማን አለው? ደላላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ጎዳና ላይ የሚወድቀው እንዴት ነው? አንድ ሌሊት ከቤት ወጥቶ በረንዳ ላይ አይተኛም። ይወርዳል። በሳሪስ ወይም በጋርመንት አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይታ ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ እናት እናስብ። የጤፍ ዋጋ ይንራል። በዚያው ወር አከራዩዋ ይመጡና «ልጄ፣ ኑሮውን እያየሽው ነው፤ ከሚመጣው ወር ጀምሮ እንጨምር» ይሏታል። መጥፎ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ እሳቸውም በኪራዩ ነው የሚኖሩት። «እሺ እትዬ» ብላ ትጨምራለች። ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል፤ አሁን አትችልም። ከሁለት ክፍል ወደ አንድ ክፍል፣ ከጋርመንት ወደ ፉሪ ትወርዳለች። የምግብ ቤቶቹ ደንበኝነት በመንገዱ ርቀት ይላላል። ልጅ ይታመማል፤ ያ ወር ኪራይ ያልፋታል። ከዚያ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ደባል ትሆናለች፤ መጋረጃ ተጋርዶ። ምጣዱን የምታስቀምጥበት የለም፤ ምጣዱ ሲሸጥ ሥራዋም አብሮ ይሸጣል። ከደባልነት በኋላ የምትከፍለው በየሌሊቱ ነው። የሌሊቱን መክፈል ያቃታት ዕለት ላስቲክ ትወጥራለች።

ከዚህ ቁልቁለት ውስጥ የትኛው ደረጃ ላይ ነው የቤት ፖሊሲያችን የሚያገኛት? አንዱም ላይ። ኮንዶሚኒየሙ አያውቃትም። አፓርታማ ገንብቶ የሚሸጠው አልሚ አያውቃትም። ወረዳው የሚያውቃት ላስቲኩ ለዓይን የቆሸሸ ዕለት ነው፤ የሚያውቃትም ሊያነሳት ነው። ይህችን እናት የጣላት የቤት እጥረት አይደለም። ቤት ነበራት። የጣላት ያን ቤት እንድትይዝ የሚረዳ ማንም አለመኖሩ ነው። ለሁለት ወር ኪራይ የሚሆን ገንዘብ፣ ጭማሪውን በተግባር የሚያቆም ሕግ፣ ውሏን የሚያስከብር ሰው ብታገኝ ኖሮ ዛሬም እንጀራ ትጋግር ነበር። የሁለት ወር ኪራይ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ዋጋ ጋር ሲተያይ ስንት ነው? የአንዱ ስቱዲዮ ወጪ ስንት ቤተሰብ ከመውደቅ ያድን ነበር? ይህን ሒሳብ የሠራ የከተማ መሥሪያ ቤት ካለ ሒሳቡን ለሕዝብ ያሳየን።

ሌሎች ሠርተውታል። በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ኪራይ ሊያልፋቸው የደረሱ ሰዎች የሚደውሉበት የእርዳታ ማዕከል አለ። ገንዘቡ አንዳንድ ቀን ይኖራል፣ አንዳንድ ቀን ያልቃል፤ የሚደውለው ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ዊሊያም ኢቫንስ፣ ጄምስ ሱሊቫንና ሜላኒ ዎልስኮግ ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው፣ ገንዘብ በነበረበት ቀን የደወሉትን ገንዘብ ባልነበረበት ቀን ከደወሉት ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ፦ ገንዘብ ባለበት ቀን የደወሉት በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ወደ መጠለያ የመግባት ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀንሷል። የተሰጣቸው ቤት አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ የኪራይ ድጎማ ነው።

«ቺካጎና አዲስ አበባ ምን አገናኛቸው?» እንደሚባል አውቃለሁ። የሚያገናኛቸው ሰው በድንገተኛ ጉዳት ምክንያት ከቤት መውጣቱ ነው። ድንገተኛ ጉዳትን በጋራ መሸፈን ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቅበት ሕዝብ አላየሁም። ዕድር የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ሞት ሲመጣ በሰዓታት ውስጥ ድንኳኑም፣ ገንዘቡም፣ ሰውም ይደርሳል፤ የሚያጣራ ኮሚቴ አይጠበቅም። ሆኖም ዕድር ለሟች ቤተሰብ እንጂ ኪራይ ላለፈው ሰው አይደርስም። ከዚያም በላይ ተከራይ በየዓመቱ ሰፈር ስለሚቀይር ከዕድር ከሁሉም ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። እንግዲህ «አቅም የለንም» የሚለው መልስም አይሠራም። የከተማ ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በየወረዳው ድሃ ቤተሰቦችን በነዋሪዎች ኮሚቴ እየለየ ገንዘብ በባንክ ሒሳብ ሲያስገባ ኖሯል። መለያው አለ፣ የባንክ መንገዱ አለ፣ ነዋሪውን የሚያውቅ ዕድር አለ። የጠፋው የወር ኪራይን እንደ ድንገተኛ አደጋ የሚቆጥር ውሳኔ ነው።

የ1967ቱን አዋጅ ወደሚያነሱት ልመለስ፤ ይህ ከሁሉ የበለጠ የሚደጋገም ክርክር ነውና። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ኪራይን ተቆጣጠረ የሚለው አባባል የአዋጁን ግዙፍ ክፍል ይዘለዋል። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ የግል ሰው ቤት አከራይቶ ገቢ እንዳያገኝም አገደ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ከዚያም አብዛኞቹ ለዐሥርት ዓመታት ሳይታደሱ በጥቂት ብር ተከራይተው ኖሩ። ኪራይ ቤት የጠፋው ጭማሪ ስለተገደበ ነው ወይስ ማከራየቱ ወንጀል ስለተደረገ? ቤቶቹስ የፈረሱት ኪራያቸው ርካሽ ስለሆነ ነው ወይስ ባለቤታቸው መንግሥት ስላላደሳቸው? እንደ እውነቱ ከሆነ የቀበሌ ቤት በአርባ ዓመት ውስጥ የሠራውን አንድ ትልቅ ሥራ ልንክድ አይገባም። መሐል ከተማ ውስጥ፣ ገበያና ሥራ ባለበት ቦታ፣ ጠላ የምትሸጥ ባልቴትና ተሸካሚ ወዛደር ሳይፈናቀሉ እንዲያረጁ አድርጓል። ሌላ የረባ ነገር ባይኖረውም ሰው ጎዳና እንዳይወጣ ጠብቋል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የማንንም ቤት አይወርስም። የኪራይ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ውሉ በመንግሥት ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው ልክ እንዲሆን ይደነግጋል። ከዚያ በፊትም በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የከተማው አስተዳደር ኪራይ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን ለጊዜው አግዶ ነበር። ይህ አዋጅ መውጣቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ። ነገር ግን አዋጁ ያለ ተከራካሪ ብቻውን ቆሟል። ተከራዩ ውሉን ላስመዝግብ ካለ «እንግዲያው ሌላ ቤት ፈልግ» ይባላል፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ብርና እጅ በእጅ የሚከፈለው ብርም በየቦታው ይለያያል። አከራዩ ውል ማፍረስ ከፈለገ በተግባር «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ማለት ይበቃዋል። ተከራዩ ወዴት ይሂድ? ክስ ቢመሠርት እስኪወሰን የት ያድራል? በየወረዳው ለተከራይ የሚቆም ሰው ሳይመደብ፣ ቅሬታው በሳምንት ውስጥ የሚታይበት ቦታ ሳይኖር፣ አዋጁ ጎበዝ ተከራይን እንጂ ደካማውን አይጠብቅም። የሕጉ ተቃዋሚዎች ይህን ድክመት አይተው «እንዳልነው አልሠራም» ይላሉ። አልሠራም ከሆነ እንዲሠራ እናድርገው እንጂ ተከራዩን ለገበያው እንልቀቀው ማለት ምን ዓይነት መደምደሚያ ነው?

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን መፍረሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ፈረሰ፤ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ፤ የኮሪደር ልማቱም በየክፍለ ከተማው ቀጠለ። ደጋፊዎቹ «ሰው ከጭቃ ቤት ወጥቶ ንጹሕ ቤት ገባ» ይላሉ። ማን ነው የገባው? ባለይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ አለው። የቀበሌ ቤት ተከራዩም ምትክ የኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ይሰጠዋል። በዚያው ቀበሌ ቤት ጓዳ ደባል ሆና የኖረችው፣ በባለይዞታው ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የኖረውስ? የእነሱ ስም በተነሺዎች ዝርዝር ላይ የለም። ባለይዞታው ካሳ ሲፈርም እነሱ ፌስታላቸውን ይሸከማሉ። አንድ ግቢ ሲፈርስ በውስጡ ያለው ርካሽ ክፍል ሁሉ ከከተማዋ ይጠፋል፤ ያን ርካሽ ክፍል በዚያ ዋጋ የሚተካ ፎቅ ተሠርቶ አያውቅም። ስለዚህ «መሥራት» የምንለው ሥራ ራሱ፣ እንዲህ እስከተሠራ ድረስ፣ ለድሃው የሚከራይ ቤትን እያጠፋ ነው።

ሕገ መንግሥቱ እንዲህ አይልም። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ እንዲያገኙ፣ ይህም በቂ እርዳታ ተሰጥቷቸው ወደ ሌላ ቦታ መዛወርን እንደሚጨምር ይደነግጋል። «ሰዎች ሁሉ» ነው የሚለው፤ «ባለይዞታዎች» አይልም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንም በተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴው ሲተረጎም፣ ሰው ከመኖሪያው ሲነሳ ቤት አልባ ሆኖ መቅረት እንደሌለበት ያስረዳል። ደባሉን ከዝርዝር ያወጣው ሕገ መንግሥቱ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። አሠራር ደግሞ በመመሪያ ይቀየራል።

«ታዲያ ሰፈሩ እንዲበሰብስ እንተወው?» ይባላል። ማን ተወው አለ? በ1970ዎቹ ማብቂያና በ1980ዎቹ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በተክለ ሃይማኖትና በልደታ አካባቢ ባሉ ቀበሌዎች የሠሩትን ሥራ የሚያውቅ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ነዋሪው እዚያው እያለ ቤቱ ታደሰ፣ መጸዳጃና ማብሰያ ተሠራ፣ የውኃ መስመርና የእግር መንገድ ገባ። የሥነ ሕንፃ መምህሩ ኤልያስ ይትባረክም በዶክትሬት ጥናታቸው ተከራይ የበዛባቸውን የመሐል ከተማ ሰፈሮች መርምረው ሰፈርን ከነሰዉ ማሻሻል እንደሚቻል ሞግተዋል። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ገብሬ ይንቲሶ ደግሞ በልማት ምክንያት ከመሐል ከተማ ወደ ዳርቻ የተነሱ ቤተሰቦችን አጥንተው፣ ገቢያቸውና ደንበኞቻቸው፣ የልጆቻቸው ትምህርትና የጎረቤት ትስስራቸው እንዴት እንደተጎዳ ካሳወቁ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ባን ማንኮንግ በተባለው ፕሮግራሟ ለሰፈር ማኅበራት ብድርና ድጎማ እየሰጠች ነዋሪው ባለበት ሰፈሩን ራሱ እንዲያሻሽል አድርጋለች። ስለዚህ ጥናት አጥተን አይደለም። የራሳችን ልጆች የጻፉትን ሳናነብ ነው የምናፈርሰው።

ሳናነብ ስናፈርስ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሆነውን ላስታውስ። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በሀና ማርያም አካባቢ «ሕገ ወጥ» የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ክረምት እየገባ ነበር። የሞቱት ሁሉም የዚህች አገር ልጆች ናቸው። ያኔም የተሰጠው ምክንያት ሕግ ማስከበር ነበር። ሕግ መከበሩን የሚቃወም የለም። ግን እነዚያ ሰዎች ከገበሬ ላይ መሬት ገዝተው በሌሊት ቤት ያቆሙት ሕግ መጣስ ስለሚያምራቸው ነበር? በሕጋዊ መንገድ፣ በሊዝ ጨረታ፣ መሬት ማግኘት ይችሉ ነበር? የጨረቃ ቤት የሚወለደው ኪራይ ከደሞዝ ሲበልጥና ዕጣ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ነዋሪው ይበተንና ሌላ ዳርቻ ላይ ሌላ ቤት ያቆማል፤ ከዓመታት በኋላም በሸገር ከተማ ዙሪያ ያው ማፍረስ ተደገመ። ፉሪን የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

አሁን ደግሞ «የጎዳናው ሰው የገጠር ፈላሽ ነው» ወደሚለው ልለፍ። ከመንገድ ዳር ከሚያድሩት ውስጥ ከክልል የመጡ ብዙ መሆናቸው እውነት ነው። ግን አብዛኛው አዲስ አበቤ ራሱ ወይም ወላጁ ከክልል የመጣ አይደለም? መጥቶ ሥራ ያገኘና ኪራይ የከፈለ «ነዋሪ» ይባላል፤ መጥቶ ኪራይ ያልቻለ «ፈላሽ» ይባላል። የሚለያቸው የትውልድ ቦታ ሳይሆን የወር ኪራይ ነው። በበዓልና በትልልቅ ጉባኤዎች ዋዜማ ከመንገድ እየተነሳ በመኪና ወደ መጣበት የተመለሰውስ የት ደረሰ? የወጣበት ምክንያት ካልተቀየረ ተመልሶ ይመጣል፤ ይህን የመንገድ ዳር ቡና ሻጭ ሁሉ ያውቃል። ሱሱም ቢሆን ለብዙዎች ብርዱን ተከትሎ የመጣ እንጂ ቀድሞ የነበረ አይደለም። እንደ መቄዶንያ ያሉ የበጎ አድራጎት ማዕከላት የሚሠሩት የተቀደሰ ሥራ ነው፤ መቄዶንያዎች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከመንገድ ያነሣሉ። ሰው ሁሉ ሊረዳቸው ይገባል። ነገር ግን እነሱ የወደቀውን ነው የሚያነሱት። እንዳይወድቅ ማድረግ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ይህንንም ለመቄዶንያ መሥራች ለአቶ ቢንያም በለጠና ለባልደረቦቻቸው አሸክሞ መቀመጥ ነውር ነው።

ይህን ሥራ መንግሥት የወሰደበት አገር አለ፤ ፊንላንድ መጠለያዎችን ወደ ኪራይ ቤት የቀየረችው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ነው። ለጎዳናው ሰው የሰጠችው ካርታ ሳይሆን የኪራይ ውል ነበር፤ በውሉም በራሱ ስም የሚዘጋ በር አገኘ። ከዚያ በኋላ ቤት አልባነቷ ለዓመታት በተከታታይ ቀንሷል። የእኛ ፖሊሲ ግን ከባለቤትነት በመለስ ያለውን ኑሮ ሁሉ ማለፊያ ጊዜ አድርጎ ያያል፤ ተከራይ መሆን እንደ ነውር፣ ማከራየት እንደ ስስት፣ ኪራይ ቤት መሥራት እንደ ሽንፈት። በቪየና ግን በማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤት ተወልዶ እዚያው የሚያረጅ ሰው ብዙ ነው። ባለቤት መሆን መልካም ምኞት ነው። ከተማ ግን በምኞት አይኖርም፤ ዛሬ ማታ ሁሉም ማደሪያ ሊኖረው ይገባል።

አንድ ሌላ ነገር። የአገሪቱ የመጨረሻ ሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ጀሞ ላይ ጤፍ ይበቅል ነበር። ከተማዋ ስንት ተከራይ እንዳላት፣ ስንት ደባል፣ ስንት ሰው በየሌሊቱ እየከፈለ እንደሚያድር ሳይቆጠር «ይህን ያህል ሺህ ቤት እንገነባለን» የሚል ዕቅድ ለማን ነው የሚታቀደው? የኪራይ ውል ምዝገባው በየወረዳው ተጀምሯል፤ ያ መዝገብ ቁጥጥር ብቻ ሳይሆን ቆጠራም መሆን ይችላል። ኪራይ ስንት እንደጨመረ፣ ውል ስንት እንደፈረሰ፣ ማን ከየት ወደየት እንደወረደ በየሦስት ወሩ ይታተም። ተመራማሪዎችም ስለ ኮንዶሚኒየም ባለዕድል ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ደባል የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ወጣት ተመራማሪዎች ሆይ፣ ወደ ጋርመንትና ወደ ፉሪ ውረዱ።

የአዲስ አበባ ምክር ቤትም ሌላ የኮንዶሚኒየም ሳይት ከመባረኩ በፊት ሦስት ነገር ይወስን። ለልማት የሚነሳ ማንኛውም ግቢ ከመፍረሱ በፊት በውስጡ የሚያድሩ ተከራዮችና ደባሎች ሁሉ ይመዝገቡ፤ የሚገቡበት ቦታም በጽሑፍ ሳይያዝላቸው ዶዘር አይግባ። በየወረዳው ከሴፍቲኔቱና ከዕድሮች ጋር የሚሠራ የድንገተኛ ኪራይ ፈንድ ይከፈት፤ ኪራይ ያለፈው ሰው መልስ የሚያገኘው በወራት ሳይሆን በቀናት ውስጥ ይሁን። ከሚገነቡት ቤቶች ደግሞ የተወሰነው ክፍል ለሽያጭም ለዕጣም ሳይወጣ በከተማው እጅ ኪራይ ቤት ሆኖ ለዘለቄታው ይቅር። ይህ ካልሆነ በዚህ ክረምትም እንጀራ ጋጋሪዋ ላስቲክ ትወጥራለች፤ ተጠያቂውም የቤት እጥረት ሳይሆን ይህን መወሰን የነበረበት ምክር ቤት ነው።